የአባታችሁን መኪና ስትፈቱ ስትገጥሙ ያደጋችሁ፣ እስቲ ኑ እናውራ

የቮልሷ ልጅ፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። አባባ ካረፈ ሶስት አመት ሆነው፣ ቮልሷ ግን አሁንም ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። በፈረንጅ የ64 ሞዴል፣ 1200፣ ባለ 6 ቮልት። ሳትነሳ ዘጠኝ አመቷ ነው፣ አባባ አይኑ ሲደክም መንዳት አቆመ፣ ሌላ ሰው እንዲነዳትም አልፈለገም። ወንድሞቼ አሁን እንሽጣት ይላሉ፣ ቦታ ይዛለች ብለው፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ሸራውን ገለጥ አድርጌ ያ የወንበሯ ሽታ፣ ቤንዚንና የሞቀ ላስቲክ፣ ሲመጣብኝ እዛው ቆሜ እቀራለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግንቦት 1972 ነው፣ እኔ 14 አመቴ። አጎቴ ደብረ ማርቆስ ልጁን ሊድር ነው፣ ያኔ ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ አባባ ስንት ወር ቆጥቦ ነው የተነሳነው። ጎሃ ፅዮን ቡና ጠጥተን አባይ በረሃ ወረድን፣ መውረዱ ሰላም ነው፣ ሙቀቱ ብቻ ፊትህን ይልሰሃል። ወደ ደጀን ስንወጣ ግማሽ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። አባባ ጊዜ አልፈጀም፣ ጥግ ያዘና አጠፋት። "ቺንጋ ነው፣ ውረዱ፣ ድንጋይ አድርጉላት" አለ። ቮልስ የነዳችሁ ታውቃላችሁ፣ ራዲያተር የላትም፣ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ነው፣ ፋኑ ደግሞ ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው ያለው፣ ሁሉንም የሚያዞረው ያ አንድ ቺንጋ፣ የላስቲክ ቀበቶው፣ ነው። ተበጥሶ እያለ ትንሽ ልንዳት ካልክ ሞተር ነከሰ ማለት ነው።

ትርፍ ቺንጋ ነበረው። የዲናሞዋ ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚዞርበት ማለት ነው፣ ሁለት ሳህን ነው፣ በመሃሉ ስስ ስስ ሮንዴላዎች፣ ቀለበት የሚመስሉ ብረቶች፣ አሉ። ቺንጋው ሲላላ ከመሃል አንድ ሮንዴላ ታወጣለህ፣ ሳህኖቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ይወጠራል። የወጣችው አትጣልም፣ ከውጪ በኩል ከዳዶው ስር ትቀመጣለች፣ አዲስ ቺንጋ ስታስገባ መልሰህ ወደ መሃል ታደርጋታለህ። አባባ ካቻቢቴውን ፑሌጃው ላይ ደግፎ በ21 ቁልፍ ዳዶውን ፈታና ሮንዴላዎቹን መዳፌ ላይ እየቆጠረ አስቀመጠልኝ። "ስምንት ናቸው፣ እንዳይጠፉ።" ከገደሉ አፋፍ ዝንጀሮ ጮኸ፣ ዞር አልኩ፣ አንዷ ጢንግ ብላ አስፋልቱን መታችና ቁልቁል ሄደች። እሷን ፍለጋ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ በጉልበታችን ዳኸን፣ የለችም። አባባ አልተቆጣኝም። ትንሽ አየኝና ከእማዬ ቅርጫት የሳርዲን ቆርቆሮ አውጥቶ፣ በእማዬ የልብስ መቀስ ቀለበት ቆረጠላት፣ ድንጋይ ላይ አድርጎ ጠፈጠፋት፣ ጠርዟን ሞረዳት፣ አስገባት። ሲመሽ ደጀን ገባን። ይኸው እስከዛሬ ብሎን ልፈታ ስል መጀመሪያ ጨርቅ አነጥፋለሁ።

እና ጥያቄዬ፣ ዘጠኝ አመት የቆመች ሞተር ከየት ይጀመራል? ደግሞ እናንተም ያላችሁን አውሩልኝ፣ ወንድሞቼ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ጋሽ ኤንትሬ፦
የቮልሷ ልጅ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ሰባ ስምንት አመቴ ነው፣ እኔ እየተናገርኩ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ የጀመርኩት በረዳትነት ነው፣ ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ አሰብ መንገድ። መንዳት ከግራ ወደ ቀኝ የዞረ ለት፣ ሰኔ 1 ቀን 1956፣ ገና ጎረምሳ ሆኜ ታኮ ተሸካሚ ነበርኩ። ዛሬ ታኮ የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ነው መሰለኝ። ጎማ ስር የሚገባ ወፍራም ጉማጅ እንጨት ነው፣ መያዣ አለው። የጣርማ በርን ዳገት ተሳቢ ይዘን ስንወጣ መኪናው ከሰው እርምጃ ብዙ አይፈጥንም፣ ረዳት ወርዶ ከኋላ ጎማ እኩል ታኮውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሹፌሩ ማርሽ ሊቀይር ሲል መኪናው አንዳፍታ ቀጥ ይላል፣ በዛች አንዳፍታ ታኮው ጎማ ስር መግባት አለበት። ካልገባ ያ ሁሉ ጭነት ወደ ኋላ ነው። ጭጋግ የወረደ ቀን ደግሞ የራስህን እጅ አታይም፣ ጎማውን በድምፅ ነው የምትከተለው። ቀኝ እጄ ላይ ሁለት ጥፍር የለኝም፣ እዛው ነው የቀሩት።

መሪ ለመጨበጥ ስድስት አመት ፈጀብኝ። ሹፌሬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ጎማ በመዶሻ መምታት ነው። ማታ ማታ ስንቆም እየዞርኩ እመታለሁ፣ ሙሉ የሆነው ጎማ መዶሻውን መልሶ ያነጥረዋል ድምፁም ጥርት ያለ ነው፣ የጎደለው ዱብ ይላል፣ ዝም ይላል። ጥንድ ጎማ ሲሆን አንዱ ቢፈስ በአይን አይታወቅህም፣ ጓደኛው ተሸክሞት ይቆማል። በጆሮ ብቻ ነው የምታገኘው። ኮምቦልቻ አንድ ሌሊት ዘይት ቀይረን ሳንተኛ ነጋ፣ ሹፌሬ ሻይ ገዝቶልኝ "አሁን ንዳ" አለኝ። እንደዛ ነው የጀመርኩት።

ሮንዴላ በሳርዲን ቆርቆሮ የሰራ ሰው፣ ብዙ መንገድ ያየ ሰው ነው። እንዳትሸጧት።

ሐረር 404፦
አቦ እንኳን ይሄን ወሬ ከፈትከው!! የኛ ቤት ፔጆ 404 ነበረች፣ ስቴሽኗ፣ ማርሿ መሪው ላይ የሆነችው። አባቴ ድሬዳዋና ሐረር መሃል ሰው ያመላልስባት ነበር። ሐረር ለመጣ ሰው ያው ነው፣ ከተማው በ404 ነው የኖረው፣ አሁንም ድረስ ታክሲ ሆና ታያታለህ፣ ያቺ ቀጭን የኋላ ክንፏ ብቻ ከሩቅ ታስታውቃለች። ሞተሯን ከፍተህ ስታየው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ወደ ጎን ተጋድሟል፣ እኔ ልጅ ሆኜ የተሰበረ ነበር የሚመስለኝ። ባትሪ ከሞተ ደግሞ ከፊት በኩል ማዞሪያውን ብረት ሰክተህ በእጅህ ነው የምታስነሳት፣ አባቴ "አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አድርግ፣ ለብቻው አትጠቅልለው" ይለኝ ነበር ምክንያቱም ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰው አውራ ጣት ይሰብራል።

የማልረሳው ታኅሣሥ 19 ነው፣ ቁልቢ። ከድሬ ተነስተን ደንገጎን ስንወጣ አስራ አንድ ሰው ጭነናል፣ መኪናው ሁሉ ተሰልፏል፣ ቆም ሄድ ቆም ሄድ፣ ውሃዋ ፈላ። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። አንድ ሌላ ሹፌር ጀሪካን ይዞ መጥቶ በአንዴ ሊደፋባት ሲል አባቴ እጁን ያዘው። ሞተሩን አላጠፋም፣ ፊቷን ወደ ንፋሱ አዙሮ፣ ትንሽ ቤንዚን ሰጥቶ እንዲሰራ ተወው፣ ክዳኑን በእርጥብ ፎጣ ይዞ ቀስ፣ ቀስ እያለ እንፋሎቷን አስተነፈሳት፣ ከዛ በኩባያ በኩባያ። አንዲት እናት ለስለት የያዙትን ጧፍ አብርተው ያሳዩን ነበር። የሞቀ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይጣመማል፣ ያኔ ጉዞውም መኪናውም አለቀ። ሌሊቱን ደረስን፣ አስራ አንዱም ሰው።

ነጋዴው ከሳሪስ፦
ወንድሜ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ የአባቴን ፊያት 124 ለሰባት አመት አስቀምጬ በመጨረሻ ወለሏ በዝገት ተበልቶ በብረት ኪሎ ነው የሄደችው። ወይ አሁን አስነሳት ወይ አሁን ሽጣት፣ ሸራ ስር መተው ግን ቀስ ብሎ መግደል ነው። ሸራው ራሱ እርጥበት ይይዛል።

የመካኒኩ ልጅ፣ ፍራንክፈርት፦
የቮልሷ ልጅ ሳነበው አልቅሻለሁ። እኔም ሴት ልጅ ሆኜ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት። አባዬ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጣልያኖች ስር ሰርቶ ኋላ የራሱን ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ካንዴላ፣ ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረዋን፣ ማጠብ የኔ ስራ ነበር። ቤንዚን በጣሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ በተራ ተራ ጨርቅ ላይ መደርደር፣ የአንደኛዋን ከሁለተኛዋ እንዳትቀላቅል። ከዛ አባዬ ይጠራኝና "ንገሪኝ" ይላል። ጫፏ ጥቀርሻ ሆኖ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ነጭ ከሆነች በጣም ትሞቃለች ቤንዚን አንሷታል፣ እርጥብና ቅባት ያላት ዘይት ይበላል፣ እንደ ተቆላ ገብስ ቡናማ ስትሆን ደግሞ "ይቺ ጤነኛ ናት" እላለሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ከቆላ የመጣ መኪና ካርቡራቶሩ ሳይስተካከል ከገባ ሁሌ ካንዴላው ጥቁር ነበር። መኪናው ከአዋሽ መምጣቱን ሰውየው ሳይነግረን እኛ እንነግረው ነበር።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ አንድ ጊዜ ሮም ሄጄ የመኪና እቃ ሱቅ ገባሁ፣ ቋንቋውን አልችልም፣ ግን ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን እያልኩ ሻጩ ሁሉንም እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አባዬ አጠገቤ የቆመ ነው የመሰለኝ።

እዚህ ጀርመን ሰላሳ አመት ያለፋት መኪና በደንብ ከተያዘች መጨረሻው ላይ ኤች የሚል ፊደል ያለው ታርጋ ይሰጧታል፣ እንደ ቅርስ ነው የሚያዩዋት። ለቮልስ እቃ እስካሁን አዲስ ይሸጣል። የሚያስፈልግህን ጻፍልኝ፣ በሰው እጅ እልክልሃለሁ፣ ገንዘቡን አታንሳብኝ።

ኤሌክትሪኩ፦
ታላላቆች ሲያወሩ መሃል ገባሁ ይቅርታ። እኔ 26 አመቴ ነው፣ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ነው መኪና የገዛሁት፣ ኤሌክትሪክ። ኮፈኑን ከፍቼ የማየው ፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነው። አያቴ ሁሌ "ፑንቲና አስተካክዬ" እያሉ ያወሩ ነበር፣ አንድም ቀን ምንድነው ብዬ ሳልጠይቃቸው አረፉ። ምንድነው?

ሶማሌ ተራ 40 አመት፦
ኤሌክትሪኩ ልጄ፣ አሁን ጠየቅክ በቃ። ፑንቲና ማለት ስፒንተሮጂኖ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው፣ ውስጥ ያሉ ሁለት ትናንሽ የብረት ከንፈሮች ናቸው። በመሃል ያለው ዘንግ ሲዞር ይገጥማሉ ይከፈታሉ። ሲገጥሙ ቦቢናው ይሞላል፣ ልክ ሲላቀቁ የተሞላው ሃይል በአንዴ ወደ ካንዴላ ይዘላል፣ እሳት ነው። ከንፈሮቹ እየተቃጠሉ ስለሚሄዱ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ እያደረግክ ክፍተቱን ታስተካክላለህ፣ ለቮልስ 0.4 ሚሊ ሜትር። መለኪያ ያጣን ቀን በኒያላ ሲጋራ ፓኮ ካርቶን አስተካክለን ቤታችን ገብተናል። አያትህ ይሄን ነው ያሉህ።

የቮልሷ ልጅ፣ አሁን ወዳንተ። የማስነሻ ቁልፉን እንዳትነካ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ነው፣ አውጣው፣ የወንበሩ ሽቦ ዝጎ ከነካው ወንበሩ ይቃጠላል፣ በአይኔ አይቻለሁ። ቀጥሎ ከፊት ያለውን ሰልባትዮ፣ የቤንዚን ታንኩን፣ አራግፍ፣ ዘጠኝ አመት የቆየ ቤንዚን ቤንዚን አይደለም፣ ሽታው ራሱ እንደ ኮላ ነው። ከዛ የቤንዚን ጎማዎቹን ሁሉ፣ በተለይ ከፖምፓው ወደ ካርቡራቶሩ የሚሄደውን፣ ቀይር። ደህና ይመስላል ብለህ አትለፈው። ይሄን በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው የምለምንህ፣ ብዙ ቮልስ የነደደው በዚች አንድ ስንዝር ጎማ ነው። ሲሰነጠቅ የሚንጠባጠበው ስፒንተሮጂኖ አጠገብ ነው፣ እሳቱ ደግሞ እዛው ነው ያለው።

ከዛ አራቱንም ካንዴላ ፍታ፣ በየቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምር፣ ሳምንት ተዋት። አትቸኩል። ሳምንት ሲሞላ የታችኛውን ፑሌጃ በ30 ቁልፍ በእጅህ ቀስ ብለህ ሞክር። ከዞረች እግዜር ይመስገን፣ ካልዞረች አትታገላት፣ ደግመህ ዘይት አድርግና ጠብቅ። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ነው፣ ፊልትሮ የላትም፣ ከታች ወንፊት ናት ያለቻት፣ አውርደህ በቤንዚን እጠባት፣ ወንፊቷ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ካየህ ደውልልኝ። ቫልቮላ ስታስተካክል ሶስተኛዋን ሲሊንደር በደንብ እያት፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቷ ቆሞ ንፋስ ይከለክላታል፣ የእሷ ቫልቮላ ነው ቀድሞ የሚቃጠለው። ካንዴላ ስትመልስ መጀመሪያ በጣትህ ነው፣ ጥርሱ አሉሚኒየም ነው።

የቮልሷ ልጅ፦
ጋሼ ስለ ጥርሱ ያሉት ልቤን ነው የነካኝ። አባባ ታሞ በነበረበት አንድ አመት ወደ አንድ ጋራዥ ወስጃት፣ ልጁ ካንዴላውን ከመጀመሪያው በቁልፍ አጠበቀውና የሁለተኛዋን ጥርስ ጨረሰው። ለአባባ መንገር አቅቶኝ ሁለት ቀን ቆየሁ። ሲሰማ "ልጁ ማን አስተማረው?" ብቻ ነው ያለው። ቶርኖ ቤት ወስደን በውስጡ አዲስ ጥርስ አስገባንላት።

ላዳ ነጂ፦
እኔ ላዳ ታክሲ ነው ያሳደገኝ፣ ከዛ በፊት ደግሞ ውይይት ላይ ረዳት ነበርኩ፣ ፒካፑ ላይ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት። ወጣቶች ስሙ ከየት መጣ ትላላችሁ፣ በደርግ ጊዜ የውይይት ክበብ ስብሰባ ነበር፣ ህዝቡ አቀማመጡን አይቶ ነው ያወጣለት።

የፍሪሲዮን ነገር ላውራ፣ ማርሽ ስትቀይር በእግርህ የምትረግጠው። ታላቅ ወንድሜ ቮልስ ነበረው፣ ደብረ ብርሃን ላይ የፍሪሲዮን ገመዱ ተበጠሰ፣ እሁድ ነው ሱቅ የለም። እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያለ ፍሪሲዮን ነዳት። ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፣ በሞተሪኖው፣ በማስነሻው፣ እንዳለች ትንፏቀቅና ትነሳለች፣ ሁለተኛ ሊያስገባ ሲል ቤንዚኑን ይለቅና ሞተሩና ማርሹ እኩል የሚሆኑባትን ሰዓት በጆሮው ይጠብቃል፣ እንደ ቅቤ ትገባለች። ስትመልስ ደግሞ መሃል ላይ ትንሽ ቤንዚን ትሰጣለህ። እኔም ኋላ ላዳዋ የፍሪሲዮን ፖምፓዋ ሞቶ በዚሁ ዘዴ ከሳሪስ ፒያሳ ሁለት ተሳፋሪ ይዤ ገብቻለሁ፣ ተሳፋሪዎቹ አላወቁም።

የቮልሷ ልጅ፣ 6 ቮልቱን ግን ወደ 12 ቀይራት፣ ማታ መብራቷ ሻማ ነው።

ሶማሌ ተራ 40 አመት፦
ላዳ ወንድሜ የወንድምህን ጆሮ አደንቃለሁ፣ ግን ይሄን ለልጆች እንደ ጨዋታ አናውራው፣ አንዴ ከሳትክ የማርሽ ጥርስ ነው የምታራግፈው። ባለ 6 ቮልት ሞተሪኖ ደግሞ በየትራፊክ መብራቱ እንደዛ ካደረግከው ብዙ አይቆይም። መቀየሩን በተመለከተ አልስማማም። 6 ቮልት ደካማ የሚሆነው መሬት የሚያስሩት ሽቦዎች ሲዝጉ ነው። ሁሉንም ፈትቶ እስኪያበራ ቢፈገፍጋቸው መብራቷ ይበቃል። የልጁ አባት 50 አመት ነድቷታል።

ላዳ ነጂ፦
እሺ ጋሼ፣ ሽቦው ከተጠረገ በኋላ ማታ አብርተን እናያለን።

የቮልሷ ልጅ፦
ይቅርታ አስራ ሁለት ቀን ጠፋሁ። የተባልኩትን ሁሉ አደረግኩ። ሰልባትዮው ውስጥ የነበረው እውነትም ኮላ ነው። የቤንዚን ጎማው በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ እንጀራ ተሰበረ፣ ጋሼ እድሜ ይስጥዎት።

ትላንት ታላቅ ወንድሜ መጣ። ሽያጩን ሊያወራኝ ነበር የመጣው፣ እኔ ከመኪናው ስር ስለነበርኩ የእጅ ባትሪ አብርቶ ያዘልኝ። ቺንጋው ደርቆ ስለነበር ልቀይረው ጨርቅ አነጠፍኩና የዲናሞውን ዳዶ ፈታሁ። ከዳዶው ስር አራት ሮንዴላ፣ ከመሃል አራት። እየቆጠርኩ ጨርቁ ላይ ስደረድር ከውጪ ካሉት ሁለተኛዋ ቀለለችኝ። አነሳኋት። ፍጹም ክብ አይደለችም፣ በአንድ በኩል የመቀስ ምልክት አላት፣ ባትሪው ሲያርፍባት በአንዱ ገጿ ከዝገቱ ስር ቢጫ ቀለም አለ፣ የአሳ ጅራት ቁራጭ።

ከ1972 ጀምሮ ስንት ቺንጋ ተቀይሯል፣ የመኪና እቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ደግሞ ሮንዴላ መቼ ጠፍቶ ያውቃል።

ወንድሜ ያን ቀን አልነበረም፣ አያት ቤት ቀርቶ ነው። ታሪኩን ግን ሲነገር እየሰማ ነው ያደገው። ከእጄ ተቀብሎ ብዙ ቆየ። ከዛ ኮቱን አውልቆ "30 ቁልፉ የት አለ?" አለኝ። አብረን ያዝነው። መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ ከዛ በካንዴላው ቀዳዳ ፊስስ ብላ ዘይቱን ተፋችና ዞረች። ሙሉ ዙር። አራቱም ሲሊንደር ይተነፍሳል።

ሐረር 404፦
አቦ ቆዳዬ ቆመ። ፎቶዋን ለጥፍ!

የመካኒኩ ልጅ፣ ፍራንክፈርት፦
ሴት ልጄ "ማሚ ምን ሆነሽ" አለችኝ። የጎማውን ውፍረትና ርዝመት ላክልኝ፣ ፑንቲናና ኮንዴንሰርም አብሬ እጨምራለሁ፣ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ እሮብ ይበራል።

ኤሌክትሪኩ፦
ስታስነሷት መጥቼ ማየት እችላለሁ? እቃ አቀብላለሁ፣ ምንም አልነካም።

ጋሽ ኤንትሬ፦
ልጁን ፍቀድለት። ያቺን የቆርቆሮ ሮንዴላ ደግሞ ከውጪ በኩል እንደነበረችው መልሳት፣ ከመሃል እንዳትገባ፣ ስስ ናት።

የቮልሷ ልጅ፦
እሺ አባቴ፣ ከውጪ ሁለተኛ፣ እንደነበረችው። እህቴ የድሮውን ጎማ ለክቼ ፎቶውን ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ። ኤሌክትሪኩ ና፣ ሶማሌ ተራው ጋሼም እመጣለሁ ብለውኛል፣ እቃው በሰላም ከደረሰ የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጉለሌ። የቆሸሸ ልብስ ልበስ።